የክር ራስና እግር

ሐሙስ፣ 2

ጥርሴን አስነቀልኩ። የግራውን፣ የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ። ሐኪሙ ጉልበቱን ወንበሩ ላይ ተክሎ ነው የጎተተው። ላቡ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲል ተሰምቶኛል፤ ኤጭ! ነቅሎ ሲያበቃ ደግሞ እንደ ትልቅ ነገር አንስቶ አሳየኝ። ጥቁር፣ የገማ፣ ሥሩ የተንጋደደ። ይኼን ነው ለካ ስንት ዓመት በአፌ ይዤ የዞርኩት።

የታች ከንፈሬ እስከ አገጬ ደንዝዟል። "መቼ ይለቀኛል?" አልኩት ጥጡን እንደ ነከስኩ። "ማደንዘዣው ማታ ይለቅሻል። ነርቩ ተነክቶ ከሆነ ግን ሳምንታትም ወራትም ሊወስድ ይችላል" አለኝና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ቀድሞ መታጠብ ነበረበት።

ደብተሩን የሰጠኝ ባሌ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ የፊት ገጾቹ በሰው ወገብና ትከሻ ልክ ተሞልተዋል፤ ከኋላ ያለው ባዶ ነው። "መናገር እስክትችይ ጻፊ፤ እኛም ትንሽ እንረፍ" አለኝ። ቀልዱ ነው። እህቱ ግን ከልቧ ሳቀች፣ ያውም አፏን ሞልታ እያላመጠች።

ቅዳሜ፣ 4

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጎርፉ የመብራቱን ምሰሶዎች ከጣለ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ከተማው በሙሉ ሻማና ፋኖስ ላይ ወድቋል። ሻማ ቤታችን ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ያልባል።

እዚህ ቤት ክር መራጭ እኔ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሰው ሻማ ሲባል ሰሙ ይመስለዋል። ሻማ ማለት ክሩ ነው፣ ሰሙ ቀለቡ ነው። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ ሰሙ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል፤ ከወፈረ ይንቦገቦጋል። ይኼን ማንም በሁለት ቀን ይማረዋል። የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ክራችን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ስለሆነ ራስና እግር አለው። ራሱን ወደ ላይ አድርገው ካቆሙት እየነደደ ጎንበስ ይልና ጫፉን ራሱ ይበላል። ተገልብጦ ከቆመ ግን ጫፉ ላይ ጥቁር ጉብታ ያወጣል፣ ያጨሳል፣ ቤት ያጠቁራል። ጉንጉኑ ደቃቅ ነው፣ በዓይን አይለይም። ጣታችን ደግሞ በትኩስ ሰም ተቃጥሎ ተቃጥሎ ሰኮና ሆኗል። ስለዚህ በከንፈር ነው የሚለየው። ክሩን የታች ከንፈሬ ላይ ስስበው ወደ ራሱ ከሆነ ይንሸራተታል፣ ወደ እግሩ ከሆነ ያዝ ያዝ ያደርጋል። የጥቅሉ ጫፍ ራስ ከሆነ ቀይ፣ እግር ከሆነ ጥቁር ምልክት አስርና ወደ ክር ሰኪዎቹ ጠረጴዛ እሰደዋለሁ። ሰኪዎቹ ምልክቱን አይተው ሰሙ የሚፈስበት ቅርጽ ቀዳዳ ውስጥ ያሾልኩታል።

ድሮ ጥቅሉ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። አዲሱ አቅራቢ ግን እየተረተረ እንደ ገና ስለሚጠቀልለው ግማሹ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ያም ሆኖ ኃላፊያችን ፉጨት (ሲናደድ ስለሚያፏጭ ነው) ዛሬ የፈተና ማንደዱን አስቀረው። ከየጥቅሉ አንድ አንድ ሻማ አንድደን ነበር የምናሳልፈው። "ጊዜ የለም፤ ያንቺ ከንፈር ይበቃናል" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከንፈሬ ገና አልለቀቀኝም። ቢሆንም እጄ ሥራውን ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀልድ አይደለም።

ሰኞ፣ 6

የባሌ እህት እኛ ቤት ከገባች ወር ሊሞላት ነው። ባሏን ጥላ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። ባለን ሁለት ክፍል፣ እኔና ባሌ አንዱ ውስጥ፣ እሷ ከስፌት መኪናውና ከሰው ሱሪ ጋር ሌላው ውስጥ። ባሌ ለመነኝና እኔ ፉጨትን ለመንኩት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ክር ሰኪ ሆነች፤ አዲስ ስለሆነች የማስረውን ጥቅል ሁሉ ተቀብላ ለሌሎቹ ሰኪዎች የምታድለውም እሷ ነች። አሁን እንግዲህ ቀን ከፊት ለፊቴ፣ ማታ ከጎኔ።

ፀጉሯ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ። እግሯን የምትፈገፍግበት ድንጋይ ከሳሙናዬ ጋር። ስትጠጣ የጉሮሮዋ ድምፅ። ምን ልበል፣ ሰው ነች፤ እኔም ሰው ነኝ፤ ግን ያቅለሸልሸኛል።

ዛሬ እራት ላይ ባሌ ሳልጠይቀው እጁን ዘርግቶ አገጬን በመሐረብ ጠረገው። ሾርባ ወርዶ ኖሯል። እንደ ሕፃን! እህቱ አይታ እንዳላየች አቀረቀረች። ያ ማቀርቀሯ ከሳቋ ባሰብኝ።

ረቡዕ፣ 8

ምራቅ። ምራቅ። ምራቅ።

ሰኪዎቹ ሁሉ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣት ሰም ነክረው ነው የሚያሾሉት። እመት ምራቅ ግን (ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ይኸው ነው) አፏ ውስጥ ትከተዋለች። መክተት ብቻ ቢሆን! ትስበዋለች፣ አገላብጣ ደግማ ትስበዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታላምጠዋለች። ከዚያ ያንን እርጥብ ነገር ቅርጹ ውስጥ። አንዴማ እኔ በስንት ድካም ያሰርኩትን ጥቁር ምልክት በጥርሷ በጥሳ ስትተፋው አየሁ። ሰው እንዴት ክር ይበላል? ያንን ሻማ እኮ ሰው ምግብ አጠገብ ያበራዋል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ጫፉ እንዲሾልልኝ ነው፣ እትዬ" አለችኝ፤ ከንፈሯ ላይ ብጥስጣሽ ክር ተለጥፏል።

ምሳዬን ሳልበላ መለስኩት።

ዓርብ፣ 10

ተናገርኩ። ለፉጨት። ንጽሕና የሚባል ነገር አለ አልኩት፣ ዝርዝሩንም ነገርኩት። ፊቱን አጨማደደና ሁለት ጊዜ አፏጨ። ከምሳ በኋላ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ "ከዛሬ ጀምሮ ከመራጯ ሌላ ክር አፉ ውስጥ የሚከትም ከንፈሩን የሚያስነካም ሰው በማግሥቱ በዚህ በር አይገባም" አለ፤ ለሰኪዎቹ እርጥብ ስፖንጅ በሳህን አስቀመጠላቸው። ሰኪዎቹ ሁሉ እሷን አዩ። እሷ እኔን አየች።

ማታ አብረን ወደ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ፣

"አንቺ ነሽ የነገርሽው?"

"እኔ ነኝ። ያስጠላል። አንቺን አይታወቅሽም እንጂ ያስጠላል።"

"እሺ" አለች። ቁልፉን ስታዞር ቆይታ ደግሞ "ከንፈርሽ እንዴት ሆነልሽ ግን?" አለችኝ።

ምን አገባት!

ሰኞ፣ 13

እጅ መታጠቢያው ጋ ተከትላኝ መጣች። "እትዬ፣ አትቆጪኝና፣ ዛሬ ጥቁር ያሰርሽባቸውን ጥቅሎች እስቲ ደግመሽ እያቸው።"

ደሜ ፈላ። ሥራ ከገባች ወር ያልሞላት ሰው! "ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው? አፍንጫሽን ላሺ!" አልኳት። ሰው ሰምቷል፤ ሁለቱ ሰም አፍሳሾች ሲሳሳቁ አየሁ። ይሰሙ። ዝም ብላ ሥራዋን ትሥራ።

ማታ እመት ምራቅ የፋኖሱን እሳት ከፍ አድርጋ ትታው ብርጭቆው በጥላሸት ተለብጦ ጠበቀኝ። አወረድኩ፣ በጨርቅ ወለወልኩ፣ ፈትሉን በመቀስ ቀጥ አድርጌ ከረከምኩ፤ ሁለቱን ማዕዘን ትንሽ ትንሽ ነካ፣ አለዚያ ነበልባሉ ቀንድ ያወጣል። ስንት ጊዜ አሳየኋት። ጥላሸቱ ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ይኼን እጅ ይዤ ልተኛ ነው።

ሐሙስ፣ 16

በጥድፊያ። ሁለት መቶ ጥቅል በአንድ ቀን። ፉጨት መጥቶ "አገጭሽ" አለኝ። ነካሁት፤ ደም። ከንፈሬን ነክሼው ነው አሉኝ። መቼ?

ያልፋል። ሐኪሙ ያልፋል ብሏል።

እሑድ፣ 19

ሰውዬው መጣ። የእመት ምራቅ ባል።

ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጫማው ተወልውሎ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ለባሌ ደንበኞች ባስቀመጥነው ወንበር ላይ እግሩን አንፈራጦ ተቀመጠ። ጥፍሮቹን አየኋቸው፤ እንደ ሙሽራ ጥፍር የጸዱ ናቸው። እኔ ንጹሕ ነገር ነው የምወደው፤ የዚህ ሰውዬ ንጽሕና ግን ከምራቋ ባሰብኝ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። "ሰዉ ይስቅብናል። በሰው ቤት ወለል ላይ ከምትተኚ ነይ ቤትሽ ግቢ።"

እሷ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ ይዛለች። ያ እጅጌ ምን እንደሚሸፍን እኔም ባሌም እናውቃለን። በመጣች ማግሥት ልብስ ስታጥብ አይቼዋለሁ፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የካውያ ጫፍ ቅርጽ አለ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ። ያን ቀን ፊቴን አዙሬ ገባሁ። ለምን ፊቴን እንዳዞርኩ ዛሬም አላውቅም። ቀፎኝ ነው መሰለኝ። በቁስሏ!

"ሥራ አለኝ" አለችው። "ሥራ እስካለኝ ድረስ አልመጣም።"

"እስከ መቼ?"

"እስካለኝ ድረስ።"

ባሌ መኪናውን ሳያቆም ፔዳሉን እየረገጠ "ሰምተሃል፤ ሥራ አላት" አለው። ሰውዬው ተነሣ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። ሽቶው እስካሁን መጋረጃው ላይ አለ። ነገ አጥበዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 21

ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ አንድ ካርቶን ሻማ መልሶ አመጣ። ያጨሳል አለ። ፉጨት ከነፋስ ነው አለው። ነፋስ ነው።

ሐሙስ፣ 23

አንዲት እናት መጣች። ፉጨት ጠረጴዛ ላይ መሐረቧን ዘረጋችው። የልጆቿ ንፍጥ ነው፤ ጥቁር። እንደ ቀለም። "በእናንተ ሻማ ሲያጠኑ አምሽተው ጠዋት ሲናፈጡ ይኼ ነው የወጣው። ሦስቱም። ትንሿ ስታስል አደረች። እስቲ እዩት፣ እዩት እንጂ፣ ምን ትሸሻላችሁ?"

አየሁት። ወጥቼ ግድግዳው ሥር አስመለስኩ።

ስመለስ ፉጨት ከተመለሱት ሻማዎች ሰባቱን በቢላ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ክራቸውን በባለሱቁ አጉሊ መነጽር እያየ ነበር። እያፏጨ። "አምስቱ ተገልብጠዋል" አለ። ከሻማዎቹ ግርጌ የታተመውን ምልክት አየ፤ የማን ጠረጴዛ እንደ ሆነ ለማወቅ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ምልክት አለው። የእመት ምራቅ ነው፤ አንድ ካርቶን ከአንድ ጠረጴዛ ነው የሚሞላው።

ጠራት፤ እኔንም ጠራኝ።

"ጥቅሎቹ ላይ ያሰርሽው ምልክት ትክክል ነበር?" አለኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳስቼ ታውቃለህ?" አልኩት።

ያልኩት ይኼንን ነው፣ ቃል በቃል። ትክክል ነበር አላልኩም።

ወደ እሷ ዞረ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ከንፈሬን እያየች ቆመች። ዓይኔን ሳይሆን ከንፈሬን። "ምንም" አለች። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ተነገራት፤ ሽርጧን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችና ሄደች።

ዓርብ፣ 24

ሰፈር ውስጥ ወሬ እንዴት ነው የሚሮጠው? ሰውዬው ሰምቷል። እሑድ ስድስት ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ ብሎ ላከ። እሺ ብላ ላከችበት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ክፍሉ ይለቀቃል። ጎድጓዳ ሳህኑ ይጸዳል። ባሌ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ማታ ፋኖሱ አጠገብ ጥቁር ካፖርት ሊሰፋ መርፌውን አነሣ፣ የክሩን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተ፣ በከንፈሩ አሾለ፣ በመርፌው ቀዳዳ አስገባ። ሳየው አየኝ።

"ምነው? እኔን አትጸየፊም እንዴ?" አለኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት ክር ስልስ እያየሽኝ ነው የኖርሽው።"

"የአንተ ሌላ ነው።"

"እንዴት ሌላ ነው?"

ወጥቼ መጋረጃውን አጠብኩ፤ ታጥቦ ነበር።

ቅዳሜ፣ 25

የዛሬውን በደንብ ልጽፈው ነው፤ አለበለዚያ ነገ ለራሴም እክደዋለሁ።

በእሷ ቦታ የተቀመጠው ሰኪ ሽማግሌ ነው፣ ጥንቁቅ፣ ስፖንጁን እንኳ ጨምቆ የሚነካ። ጠዋት ካወጣው ሻማ ከየጥቅሉ አንድ አንድ፣ አሥር ወሰድኩ። የግቢው መስኮት ደፍ ላይ ደርድሬ አነደድኳቸው። ፉጨት አይቶኝ አለፈ። ስድስቱ ጉብታ አወጡ። ስድስቱ! ጥቁር ጢሱ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ወጣ። ሽማግሌው በጥፋቱ እንዳይሆን ደንግጦ "ምልክቱን አይቼ ነው የሰካሁት፣ እመቤቴ" አለኝ። ምልክቱን አይቶ ነው የሰካው። የእኔን ምልክት።

በመመለሻዬ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ባለሱቅ ገባሁ። "በወሩ መጀመሪያ የወሰድከውስ?" አልኩት። "እሱማ ግሩም ነበር! የተበላሸው በኋላ ያመጣችሁት ነው" አለኝ። ከመቼ በኋላ? ቆጠረ፤ ከአሥራ አንድ ወዲህ።

ቤት ገብቼ ይኼን ደብተር ገለጥኩ። ዓርብ፣ 10። ተናገርኩ። ለፉጨት። ወደ ኋላ አንድ ገጽ፦ ትስበዋለች፣ አገላብጣ ደግማ ትስበዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ያሰርኩትን ምልክት በጥርሷ ስትበጥስ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው። አንብቤ አልገባኝም ልበል?

ከባሌ የመርፌ ትራስ ላይ አንድ ስፒል ነቀልኩና መስታወቱ ፊት ቆሜ የታች ከንፈሬን ወጋሁት። ምንም። ዝቅ አድርጌ ወጋሁት። ምንም። ደሟ ብቅ ስትል በዓይኔ ነው ያወቅሁት። ከሁለት ቀን ወዲህ አይደለም፤ ከጥርሱ ማግሥት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ይኼንንም አውቅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እያልኩ በግምት ቀይና ጥቁር ሳስር ነው የከረምኩት። የሰው ልጆችን ጥላሸት ሳስተነፍስ። ቱ! ያንን ሐኪሙ የነቀለውን ጥርሴን አስታወስኩት፤ የገማውን። ዛሬ እኔው ነኝ የምገማው።

የባሌ እህት ሻንጣዋን ወለሉ ላይ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

ቀና ሳትል "ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን" አለች። "ቀይ ያሰርሽበትን ስሰካ ጣቴን ያዝ አደረገው። የእኔ ጣት ገና ሰው ነው፣ እንደ እናንተ አልተቃጠለም፤ ቢሆንም ያስጠረጥራል እንጂ አይለይም። ከዚያ አንቺ እንደምታደርጊው በከንፈሬ ሞከርኩት። ሳይሽ ነው የተማርኩት።"

"ስንት አስተካከልሽ?"

"አልቆጠርኩም። ሁሉንም ነዋ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩሽ። አፍንጫሽን ላሺ አልሽኝ።"

"ለፉጨትስ ሐሙስ ዕለት? ፊቱ ቆመን?"

ያኔ ቀና አለች። "የማን ቤት ነው የምተኛው፣ እትዬ? ሥራውንስ ማን አስገባኝ? አንቺን ሰው ፊት አዋርጄ ማታ ምን ፊት ይዤ ልገባ?" ሸሚዟን አጠፈች፣ እንደ ገና ዘረጋችው፣ አጠፈች። "ደግሞ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር።"

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሯን አየሁት፤ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፤ ቀን ሙሉ ቆሞ መዋል ነው። ያንን ድንጋይ ከሳሙናዬ አጠገብ ስታስቀምጥ ስንት ቀን በልቤ ሰደብኳት። ሰው እንዴት በሰው ፀጉር፣ በሰው ተረከዝ፣ በሰው ምራቅ ይህን ያህል ሲንገሸገሽ የራሱ ክፋት አይገማውም?

"ነገ ጠዋት አትውጪ" አልኳት። "ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ።"

"እሺ" አለች። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር።

እሑድ፣ 26

ፉጨት ከሻማ ቤቱ ጀርባ ነው የሚኖረው። ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ሊላጭ ሲል ደረስኩ። ቆሜ ነገርኩት። ከንፈሬን፣ ስፒሉን፣ አሥሩን ሻማ፣ ምራቁን፣ ሁሉንም።

"ሐሙስ ዕለት ለምን ዋሸሽኝ?"

"አልዋ..." አልኩና አቆምኩ። "ዋሸሁህ።"

ያፏጫል ብዬ ጠበቅሁ። አላፏጨም። ያ ነው ያስፈራኝ። አረፋው አገጩ ላይ ደረቀ። "ያቺ ወንበር ላይ ከእንግዲህ አልመልስሽም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ልጅቷን አምጫት። አሥር ጥቅል አቀርብላታለሁ። አሥሩንም ካላወቀች ሁለታችሁንም አላውቃችሁም።"

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጭቃ፣ ጫማዬ እየተነቀለ። ስደርስ ሰውዬው ያቺው ወንበር ላይ ነው፤ ሻንጣዋ እግሩ ሥር፣ እጁ እጀታው ላይ። ያው ሽቶ። እሷ ጫማዋን ታስራለች። ባሌ መኪናውን አቁሟል፤ በቀን መኪናው ቆሞ አይቼ አላውቅም።

"ተነሽ፣ ሥራ ቦታ ትፈለጊያለሽ፣ አሁኑኑ" አልኳት።

ሰውዬው ፈገግ አለ። "ተባርራለች ተብያለሁ።"

"የተባረርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ዘግይተህ ነው የሰማኸው።"

ሻንጣውን አልለቀቀም። እሷ ጎንበስ ብላ ጣቶቹን ከእጀታው ላይ አንድ በአንድ አነሣቻቸው፤ ክር ስትፈታ እንደምታደርገው፣ ሳትቸኩል። እጅጌዋ ወደ ኋላ ተሸበሸበ፤ ጠባሳዋ ወጣ። አልሸፈነችውም፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም። ባሌ ተነሥቶ በሩን ከፈተለት፣ እስኪወጣም ያዘለት።

አሥሩንም አወቀች። ፉጨት አነደዳቸው፤ አንድም አላጨሰም።

ማክሰኞ፣ 28

እሷ እኔ ወንበር ላይ፣ እኔ የሰኪዎቹ ጠረጴዛ። ሰም አፍሳሾቹ ሲያዩኝ ይጎሻሸማሉ። ይጎሻሸሙ፤ የዘሩትን ማጨድ ነው ይባል የለ፣ እኔ ግን የምሰካውን ነው የማውቀው። አንዱ ቅርጽ ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ አለው።

ጣቴ ክር አይይዝም። የሰኮና ጣት! ሰሙ ውስጥ ስነክረው ይጎብጣል፤ ስፖንጁን ብሞክር ስፖንጁ ገምቷል፣ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ውኃው አልተቀየረም፣ አረንጓዴ ነገር ያዘ። እኔ ነኝ ያስመጣሁት ስፖንጅ። የክሩ ጫፍ ተበተነ፤ ሦስት ጊዜ ቀዳዳውን ሳትኩ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ሁለት ቅርጽ ጨርሷል።

ፉጨት የከንፈር ክልከላውን ለእሷ ብቻ አንሥቷል። ጥቅሉን ይዛ መጣች፤ ክሩን ገና ከአፏ እያወጣችው ነው፣ ቀይ ምልክት አስራበታለች። ጫፉ እርጥብ ነው፣ ሹል ነው፣ ያብረቀርቃል። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ወደ ፉጨት ክፍል አየች፤ በሩ ዝግ ነው።

"እንዳልደረቀ አስገቢው" አለችኝ። "ከደረቀ ደግሞ አፍ አለሽ።"

እስክወስን ድረስ ደረቀ። ጫፉን አየሁት። የእሷ ምራቅ የነበረበት ክር ነው። አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከንፈሬ አልተሰማውም፤ ምላሴ ግን ቀመሰው፤ ጥጥ ጥጥ ይላል፣ ትንሽ ጨው አለው። ሳብኩት፣ ሾለ፣ ገባ።

ሠላሳ አምስት ቀረኝ።